«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ»፦ የተሸናፊ ንግግር በአባባል ሲመዘን

እዚህ ሐዋሳ በምኖርበት ሰፈር ባለፈው ዓመት የዕድር ምርጫ ተደርጎ ነበር። ዕድሩን ለብዙ ዘመን በዳኝነት የመሩት አዛውንት በጥቂት እጅ ብልጫ ተሸነፉ። ቆጠራው እንዳለቀ ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካከሉና «እንግዲህ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ...» ብለው ቀሪውን ሳይጨርሱ ተቀመጡ። ከፊሉ ሰው አጨበጨበ፤ ከፊሉ አጉረመረመ። አጠገቤ የነበረው ጎረቤቴ «ጨዋ ናቸው፣ ተቀበሉ» ሲለኝ፣ ከኋላችን የተቀመጡ እናት ግን «የለም፣ ተቀይመዋል» አሉ። ሁለቱም የሰሙት ያንኑ አባባል ነው፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም።

የአባባሉ ሙሉ ቃል «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል ነው። ማሰሪያ ግስ የለውም። አንዳንዱ ሰው «ትቆጨኛለች» ብሎ ይጨርሰዋል፤ ሌላው «ታሳዝነኛለች» ይላል፤ አብዛኛው ግን እንዳለ ይተወዋል። እዚህ ላይ «ከ» የምትለዋ ፊደል መነሻን አታመለክትም፤ የምታወዳድር ናት። ተናጋሪው ሁለት ኪሳራዎችን ጎን ለጎን አቁሞ፣ ዳኛ አይቶት፣ ግራ ቀኙ ተሰምቶ ከወሰዱበት ትልቅ ንብረት ይልቅ፣ ማንም ሳይጠይቀው ከእጁ የነጠቁት ትንሽ ነገር እንደሚያንገበግበው መናገሩ ነው።

የሁለቱ ነገሮች ምርጫም በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም። በቅሎ በቀድሞው ኑሮ የመኳንንትና የካህናት መጓጓዣ ነበረች፤ ገደሉንና ዳገቱን ሳትሰናከል የምትወጣ፣ ኮርቻና ልጓሟ ሳይቀር የባለቤቱን ማዕረግ የሚያሳውቅ ውድ ከብት። ጭብጦ ደግሞ ለመንገድ ስንቅ የሚያዝ፣ በእጅ ተጨብጦ የሚጋገር ትንሽ ቂጣ ነው፤ ስሙም «ጨበጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። (ዛሬ በፍርድ ቤት «የክርክሩ ጭብጥ» የምንለው ቃልም የዚሁ ግስ ልጅ መሆኑ ደስ ይለኛል።) ከበቅሎና ከጭብጦ የበለጠ የዋጋ ርቀት ያላቸውን ሁለት ነገሮች የድሮ መንገደኛ በአንድ ጉዞ ላይ አያገኝም። አባባሉ ያን ሁሉ ርቀት «በፍርድ» እና «ያለ ፍርድ» በሚሉ ሁለት ቃላት ይገለብጠዋል።

ይህን አባባል የወለደው ኅብረተሰብ በሙግት ያደገ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ጋቢ ለጋቢ ተቋጥረው በቁራኛ ወደ ዳኛ የሚሄዱበት፣ «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው የሚቆምበት፣ መንገደኛ እንኳ ተለምኖ ዛፍ ሥር ለዳኝነት የሚቀመጥበት ዘመን ነበር። በላ ልበልሃ በሚባለው የጥንት የችሎት ሙግት ተሟጋቾች በቃል ብቻ አይፋለሙም ነበር፤ በማር፣ በፈረስ ወይም በበቅሎ ይወራረዱ ነበር። ስለዚህ አባባሉ ውስጥ ያለችው በቅሎ በክርክር የተረታ ሰው ያስያዛት መወራረጃ ልትሆን ትችላለች የሚል ግምት አለኝ፤ እንዲህ ከሆነ «በፍርድ የሄደች በቅሎ» ማለት ባለቤቷ ራሱ ወደ አደባባይ አውጥቶ፣ ልትሄድ እንደምትችል አውቆ ያስያዛት በቅሎ ናት። በምርጫ የሚወዳደር ሰውም ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም። በሐዋሳ ዙሪያ የሚኖሩት ሲዳማዎችም አለመግባባትን በሽማግሌዎች ፊት የሚፈቱበት ሥርዓት አፊኒ ይባላል፤ ቃሉ «ሰማችሁ ወይ» እንደ ማለት ነው። ሁለቱ ባህሎች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ተሰምቶ የተረታ እንደሆነ ሽንፈቱን መሸከም ይችላል።

አባባሉ ለአንድ ተሸናፊ እጩ ንግግር ሚዛን ሲሆን ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ተናጋሪው በቅሎዋ በፍርድ መሄዷን በግልጽ ተናግሯል ወይ? በቅሎነቷንስ አልካደም ወይ? ለዚህ የአሜሪካው የፕሬዚዳንት እጩ አል ጎር እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 13 ቀን 2000 ያደረገው ንግግር ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። ጎር በምርጫው ሌሊት ለተፎካካሪው ለጆርጅ ቡሽ ደውሎ ሽንፈቱን ከተቀበለ በኋላ፣ የፍሎሪዳ ውጤት መጥበቡን ሲሰማ እንደገና ደውሎ ቃሉን አንሥቷል። በአገር አቀፍ ደረጃ ከግማሽ ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ ይመራ የነበረ ሰው፣ የመጨረሻውን ውጤት በወሰነችው በፍሎሪዳ ግዛት በ537 ድምፅ ተበልጦ፣ የድምፅ ቆጠራው ደግሞ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ውሳኔ ቆሞበት ነበር። በማግስቱ ለሕዝብ ሲናገር፣ ለቡሽ ደውዬለታለሁ፣ በዚህኛው ጊዜ ግን መልሼ እንደማልደውልለት ቃል ገብቼለታለሁ ብሎ በራሱ ቀለደ። ከዚያም በፍርድ ቤቱ ውሳኔ አጥብቆ እንደማይስማማ፣ ነገር ግን እንደሚቀበለው ተናገረ።

የዚህ ንግግር ጥንካሬ «አጥብቄ አልስማማም» የሚለው ቃል ሳይወጣ መቅረቱ ላይ ሳይሆን መውጣቱ ላይ ነው። ብዙ ተንታኞች የተሸናፊን ንግግር በትሕትናው ብቻ ይለካሉ። የጠፋበትን አሳንሶ «ምንም አይደለም» የሚል ሰው ግን በቅሎውን ጭብጦ አድርጎ ያቀርባል፤ ሰሚውም አያምነውም፣ የመረጡትም ይዋረዳሉ። ጎር በቅሎዋን በቅሎ ብሎ ጠርቶ በፍርድ ሄደች አለ።

የኬንያው የፕሬዚዳንት እጩ ራይላ ኦዲንጋም እ.ኤ.አ. መስከረም 5 ቀን 2022 የአገራቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የምርጫ አቤቱታቸውን ሲጥለው ተመሳሳይ ቃል ተናግረዋል፤ ፍርዱን እናከብራለን፣ ነገር ግን አጥብቀን አንስማማም። ያው ፍርድ ቤት በ2017 በእርሳቸው አቤቱታ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሰርዞ እንደነበር ላስታወሰ ሰው፣ አክብሮቱ ባዶ ወግ አይሆንም። በተቃራኒው የጋምቢያው ፕሬዚዳንት የነበሩት ያህያ ጃሜህ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ሽንፈታቸውን በቴሌቪዥን ተቀብለው፣ ልክ በሳምንቱ ቃላቸውን አጠፉ፤ በቀጣዩ ጥር በጎረቤት አገሮች ጫና ከአገር ወጡ። ንግግሩ በራሱ ሲሰማ ያማረ ነበር፤ ያማረ መሆኑ ግን ምንም አልመሰከረም።

እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ በባራክ ኦባማ የተሸነፈው የጆን ማኬይን ንግግር ሌላ ነገር ያስተምረኛል። የኦባማ ስም ሲጠራ ደጋፊዎቹ ጮኹ፤ እርሱም በእጁ ዝም አሰኛቸው። በሽማግሌ ፊት የተረታ ሰው ከኋላው የቆመ ወገን አለው፤ የእርሱ አፍ «ተቀበልኩ» ቢልም ወገኑ ዱላውን ካላስቀመጠ ፍርዱ አልጸናም። ንግግሩ በዋናነት ለአሸናፊው የሚላክ ደስታ መግለጫ የሚመስለው ሰው ይህን ይዘነጋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሐረግ እንመለስ፤ አባባሉ «ዝም በል» አይልም። ፍርድ ባልነበረበት ቦታ ጭብጦም ያስለቅሳል ይላል። ስለዚህ ተሸናፊን «ለምን በጨዋነት አልተቀበለም» ብሎ ከመውቀስ በፊት ሣጥኑ በማን ፊት እንደተከፈተ፣ አቤቱታውን ማን እንደሰማው መጠየቅ ይገባል። አባባሉን የሚጠቅሱ አሸናፊዎች የመጀመሪያውን ሐረግ ብቻ መውደዳቸው አይገርመኝም። የተሸናፊውም ብልጠት እዚያው ነው፤ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ...» ብሎ ሲያቆም፣ ያልተነገረችው ጭብጦ በአየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች፤ መቀበልም ክስም ሆና።

የዕድራችን አዛውንት ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ሆን ብለው ይሁን አይሁን ግን አላወቅሁም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በፍቅር ሐይቅ ዳር ሲንሸራሸሩ አገኘኋቸውና፣ «ጋሼ፣ ያን ዕለት የቆጨችዎት የትኛዋ ናት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሣቁ። «በቅሎዋ ናታ፤ እንዴት አትቆጨኝ! ሃያ ዓመት የጋለብኳት ናት» አሉኝ፤ ከዚያም ጡጫቸውን ጨብጠው አሳዩኝ። «ጭብጦዬ ግን ይኸው፣ ማንም አልነካብኝም።»