ሲሼልስ ልትሄዱ ስትሉ የሚነገሯችሁ የተሳሳቱ ነገሮች እና እውነታው

የአክስቴ ልጅ ሰርጓ ደርሶ "ለጫጉላ ሲሼልስ ብንሄድስ" ብላ ቤት ውስጥ ስታማክር ሁሉም የየራሱን አወራላት። አንዱ የሀብታም ቦታ ነው አለ፣ ሌላው ቪዛ አይሰጡም አለ፣ ሌላዋ ደግሞ ከባህር ሌላ ምን አለ ሦስት ቀን ይበቃችኋል አለቻት። እኔና ባለቤቴ ህንድ ውቅያኖስ ላይ ባለችው በዚህች የደሴቶች አገር ባለፈው ዓመት 9 ቀን ቆይተን ስለመጣን ያየሁትንና ያነበብኩትን አንድ በአንድ ጻፍኩላት፣ ሌላ ሰውም ይጠቀምበታል ብዬ ነው እዚህ የማካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

"ሀብታም ካልሆንሽ አትሞክሪው"

ይሄ የሚመጣው ከፎቶው ነው። የምናያቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ አንድ ደሴት ለብቻው የያዙ ሪዞርቶች ስለሆኑ ሌላ ማደሪያ ያለ አይመስልም፣ ግን የአገሬው ሰው የሚያከራያቸው ኪችን ያላቸው ትንንሽ ጌስት ሀውሶች በሦስቱም ዋና ደሴቶች ማለትም ማሄ፣ ፕራስላንና ላ ዲግ ላይ ሞልተዋል። ምሳ ቴክ አዌይ ትገዛላችሁ፣ ሩዝ ከዓሳ ወይ ከምስር ጋር በካርቶን ሞልተው ይሰጧችኋል። ማሄና ፕራስላን ላይ ደግሞ ነዋሪው የሚሄድበት የመንግስት አውቶብስ አለ፣ ታክሲው በጣም ውድ ነው አውቶብሱ ግን ርካሽ ነው፣ ተራራውን እየተጠማዘዘ ሲወጣ መስኮት ጋ መቀመጥ ራሱ ሽርሽር ነው። ርካሽ አገር ነው እያልኩ አይደለም፣ የሚበላው ነገር አብዛኛው በመርከብ የሚገባ ስለሆነ ሬስቶራንት ከገባችሁ ኪስ ይጎዳል፣ ከዛንዚባርም ይወደዳል። ግን ተቆጥቦ የሚሄዱበት አገር ነው። ብር ይዛችሁ ሄዳችሁ ግን እዛ እመነዝራለሁ እንዳትሉ፣ ዶላር ወይ ዩሮ ነው፣ የአገሩ ገንዘብ ሩፒ ነው።

"ቪዛ ያስቸግራል"

ሲሼልስ ከሞላ ጎደል ከማንም አገር ዜጋ ቀድሞ የሚወጣ ቪዛ አትጠይቅም፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርትም ጭምር። ከቦሌ ቀጥታ በረራ አለ፣ ወደ 4 ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሰው የሚሳሳተው "ቪዛ የለም" ሲባል ምንም አያስፈልግም ማለት ስለሚመስለው ነው። ከመብረራችሁ በፊት ኦንላይን የመግቢያ ፈቃድ ሞልታችሁ ከፍላችሁ መያዝ ግድ ነው፣ ለሱ ደግሞ የመመለሻ ቲኬት፣ የምታርፉበት ቤት ቡኪንግ እና ለቆይታችሁ የሚበቃ ገንዘብ ያስፈልጋል። ድንኳን ተክዬ አድራለሁ የሚል ካለም ይርሳው፣ ክልክል ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ቢጫ ካርድ! ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር የክትባት ካርዱን ያያሉ፣ ክትባቱ ደግሞ የሚጸናው ከተወጋችሁ 10 ቀን በኋላ ነው፣ ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጥለት ነገር አይደለም። ቼክ ኢን ላይ ከፊታችን የነበረ ልጅ ካርዱን ቤት ረስቶ ወንድሙ በራይድ እስኪያመጣለት ድረስ ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ። ፓስፖርቱ ውስጥ ላስቲክ አስራችሁ አስቀምጡት።

"በክረምት ትምህርት ሲዘጋ መሄድ ነው"

መሄድ ይቻላል ግን አውቃችሁ ሂዱ። ከግንቦት እስከ መስከረም አካባቢ ከደቡብ ምስራቅ ጠንከር ያለ ንፋስ ይነፍሳል፣ ዝናቡ ትንሽ ነው አየሩም ቀለል ይላል፣ ባህሩ ግን ይናወጣል፣ ነፋሱ የሚመታው ዳርቻ ላይ የባህር አረም ተከምሮ ታገኛላችሁ። በዛ ሰሞን ከማሄ ፕራስላን በፌሪ የሚሄድ ሰው ሆዱ የማይችልለት ከሆነ መድኃኒት ወስዶ ይሳፈር። መፍትሄው ከነፋሱ በተቃራኒ ያለውን ጎን መምረጥ ነው፣ ማሄ ላይ ቦ ቫሎን፣ ፕራስላን ላይ አንስ ላዚዮ። ታህሳስና ጥር ደግሞ ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣበትና ዝናቡ የሚበረታበት ነው፣ የገና ዕረፍት ብላችሁ ሄዳችሁ ሙሉ ቀን በረንዳ ላይ ልትቀመጡ ትችላላችሁ። ባህሩ ረጋ የሚለው በሁለቱ ነፋሶች መሀል ነው፣ ሚያዝያ አካባቢ እና ጥቅምት አካባቢ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥቅምት።

"እንግሊዝ ስለገዛቸው እንግሊዝኛ ነው የሚናገሩት"

እንግሊዝኛው ይሰራል፣ ግን ቤት ውስጥም ገበያም የሚወራው ክሪዮል ነው፣ ከፈረንሳይኛ የወጣ የራሳቸው ቋንቋ። ምክንያቱም መጀመሪያ የመጡት እንግሊዞች አይደሉም፣ ፈረንሳይ ናት በ1756 የኔ ነው ብላ ድንጋይ የተከለችበት፣ እንግሊዝ በስምምነት የወሰደችው በ1814 ነው፣ ነፃ የወጡት ደግሞ በ1976። ስለዚህ የቦታው ስም ሁሉ ፈረንሳይኛ ነው፣ መኪናው ግን በግራ ይነዳል፣ የግድግዳው ሶኬትም የእንግሊዙ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው። የኛ ቻርጀር አይገባም፣ አዳፕተር ያዙ። ሱቅ ስትገቡ "ቦንዙር" ሳትሉ ዕቃ አትጠይቁ፣ ሰላምታ የሚያከብር ህዝብ ነው።

"ታሪክ የሌለው ቦታ ነው፣ ባህር ብቻ ነው"

ይሄን ስሰማ ነው የምናደደው። ደሴቶቹ ላይ ድሮ ነዋሪ ህዝብ እንዳልነበረ እውነት ነው። በ1770 ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈሩት 28 ሰዎች ነበሩ፣ ከነሱ ውስጥ 15ቱ ነጮች፣ 7ቱ አፍሪካውያን ባሮች፣ 5ቱ ህንዶችና አንዲት ጥቁር ሴት። አገሩ የተሰራው ከዛ በኋላ በባርነት በመጡ አፍሪካውያን ጉልበት ነው፣ ባርነት በ1835 ከቀረ በኋላም ከ1861 ጀምሮ የእንግሊዝ መርከቦች ከባሪያ ነጋዴ ያስጣሏቸውን ሰዎች እዛ እያመጡ ያራግፉ ነበር። ነፃ ወጣችሁ ተባሉ እንጂ ብዙዎቹ በውል ስም ተመልሰው እርሻ ላይ ነው የተመደቡት። ለልጆቻቸው በ1870ዎቹ ሚሲዮኖች የከፈቱት ትምህርት ቤት ፍርስራሹ ማሄ ውስጥ ሳን ሱሲ ተራራ ላይ አሁንም አለ፣ ሚሽን ሎጅ ይሉታል። ሰው የሚሄደው ለቪው ነው፣ እኛም ፎቶ ልንነሳ ነበር የሄድነው፣ ግን በትልልቆቹ ዛፎች መሀል ስትሄዱ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት የለበሰ የግድግዳ ድንጋይ ታያላችሁ፣ ቁመቱ ጉልበት አይደርስም፣ እርጥብ ነው፣ ባለቤቴ እጇን አስቀምጣበት ምንም ሳትናገር ብዙ ቆየች።

ሌላው ደግሞ ግዞት ነው። እንግሊዞች ያስቸገራቸውን መሪ ሁሉ የሚያርቁት እዚህ ነበር፣ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ኤርፖርት ስላልነበረ በመርከብ ካልሆነ አይወጣበትም። ዛሬ ኡጋንዳ ውስጥ ያሉት የቡጋንዳው ንጉስ ምዋንጋና የቡንዮሮው ንጉስ ካባሌጋ በ1899 ተይዘው ወደዚህ ተጋዙ፣ ምዋንጋ እዛው ሞተ። የዛሬዋ ጋና ውስጥ የነበረው የአሻንቲው ንጉስ ፕሬምፔ ከ1900 እስከ 1924 ድረስ እዛ ነበር፣ በእንግሊዞች ላይ ጦር የመራችው የአሻንቲዋ ንግስት እናት ያአ አሳንቴዋም ተግዛ እዛው አረፈች። የግብፁ የነፃነት መሪ ሳድ ዛግሉል፣ የቆጵሮሱ ጳጳስ ማካሪዮስ ሳይቀሩ ቀምሰውታል። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ፕሬምፔ ጋና ውስጥ የተያዘው በጥር 1896 ነው፣ እኛ አድዋ ላይ የተዋጋነው በዛው ዓመት ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። አድዋ ላይ ብንሸነፍ ኖሮ የኛ ነገሥታት በየትኛው ደሴት ላይ ይሆን ቆመው ባህር ሲያዩ የሚኖሩት እያልኩ ነው ያን ቀን ከተራራው የወረድኩት። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ለዋና ከተማዋ ለቪክቶሪያና ለሳን ሱሲ ስጡ፣ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ የ1903ቱን ሰዓት ማማ፣ ገበያውንና ሙዚየሙን በእግር ትጨርሳላችሁ።

"በጾም ምን ይበላል?"

ይሄ እንኳን ቀላል ነው። ምስራቸው ከሩዝ ጋር ጥሩ ነው፣ ብሬድፍሩት የሚባለው ፍሬ ተጠብሶ ድንች ድንች ይላል፣ እዛ እሱን የበላ ሰው ተመልሶ ይመጣል ይባላል። ላዶብ ደግሞ አለላችሁ፣ ሙዝ ወይ ስኳር ድንች በኮኮናት ወተት፣ በቫኒላና በነትሜግ የሚቀቀል፣ ያረፍንበት ቤት እናትዬዋ ማታ ማታ ስትሰራው ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። ቅቤም የላም ወተትም የለውም ግን ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

"ቢቹ ሁሉ የሆቴል ነው"

አይደለም፣ በህግ ዳርቻው የህዝብ ነው። ላ ዲግ ላይ አንስ ሱርስ ዳርጃን ወደሚባለው ዳርቻ ለመግባት የሚያስከፍሉት መንገዱ በድሮ የኮኮናት እርሻ ውስጥ ስለሚያልፍ ነው፣ ሳይክል ተከራይታችሁ በጠዋት ሂዱ፣ ከረፋድ በኋላ ሰው ይበዛል።

"ውሃው ሁሉ ለጥ ያለ ነው"

እባካችሁ ይሄን አትመኑ። ላ ዲግ ላይ ግራንድ አንስና ፔቲት አንስ ሲታዩ ከሁሉ ያምራሉ፣ ግን ሞገዱ ይጎትታል፣ በተለይ በክረምታችን ሰሞን። እኛ አብዛኞቻችን ሀይቅና ፑል ነው የለመድነው፣ ባህር እግርን ከስር እንዴት እንደሚነጥቅ አናውቅም። የማስጠንቀቂያ ምልክት ካለ እስከ ጉልበታችሁም አትግቡ፣ ከሌለም የአገሬውን ሰው ጠይቁ፣ ዝም ብለው አያልፏችሁም።

የአክስቴ ልጅ ሰርጉን ወደ መስከረም መጨረሻ አድርጋ ጥቅምት ላይ ለ8 ቀን ቆርጣለች፣ ማሄ 3፣ ፕራስላን 2፣ ላ ዲግ 3። ቢጫ ካርዷን ትናንት አሳየችኝ፣ የባሏ ግን ገና ነው።