«እዚያ ቤት ይስብ ነበር እኮ!»፦ ስለ ጭስ ማውጫ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ ላሜራ ቆርጬ፣ ክዳን በስቼ የእንጨት ምድጃ ጭስ ማውጫ እገጥማለሁ። ቤት የቀየረ ደንበኛ ሁሉ የሚነግረኝ አንድ ነገር አለ። «እዚያ ቤት እኮ በደንብ ይስብ ነበር!» ምድጃውን ከነቱቦው ጭነው ያመጡታል፣ ያንኑ ቱቦ አዲሱ ማድ ቤት ላይ ይሰኩታል፣ ከዚያ ጭሱ ሲመለስባቸው «ሲጫን ሲወርድ ተበላሽቶ ነው» ብለው ይደውሉልኛል።

አልተበላሸም። ምድጃ በራሱ አይስብም፣ የሚስበው ቱቦው ነው። ትኩስ ጭስ ከውጭው አየር ስለሚቀል ሽቅብ ይወጣል፣ ሲወጣም ከሥሩ ሌላ አየር ይጎትታል። ጉልበቱ የሚመጣው ከቱቦው ቁመትና ውስጡ ካለው ሙቀት ነው። አጠገቡ ያለው ግንብ፣ ነፋሱ የሚመጣበት አቅጣጫ፣ የማድ ቤቱ በርና ቀዳዳም ለውጥ ያመጣሉ። ቤት ስትቀይሩ ይሄ ሁሉ ይቀየራል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ» ይባላል፣ ለወጡ እውነት ነው። ለጭስ ግን ጉልቻው የቆመበት ቦታ ዋናው ጉዳይ ነው።

እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። የድሮው ማድ ቤታቸው ግቢው ጥግ ላይ ለብቻው የቆመ፣ ግድግዳው በየቦታው ክፍተት ያለው ቆርቆሮ ነበር። ቱቦው ቀጥ ብሎ አራት ሜትር ይወጣል፣ ዙሪያው ክፍት ነው። አዲሱ ቤታቸው ግን ከጎረቤት ጂ ፕላስ ሦስት ግንብ ሥር ነው። የገጠመላቸው ሰው ቱቦውን ግድግዳ ቀዶ አወጣው፣ ሁለት ቦታ አጠፈው፣ ጫፉን ከግንቡ አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ አቆመው። ስደርስ ዓይናቸው ቀልቷል። «ልጄ፣ ምድጃዬን ሰው በክፉ ዓይን አየብኝ መሰለኝ» አሉኝ። «እማማ፣ ምድጃዎ ደኅና ነው፤ ቱቦው ነው የታፈነው» አልኳቸው። ምድጃውን ከግንቡ አምስት ሜትር ወደሚርቀው ጥግ ወሰድነው። ቱቦውን ያለ አንድም መታጠፊያ በክዳኑ ቀጥ አድርገን አወጣነው። በሩ ሥርም የእጅ መዳፍ የምታህል የአየር መግቢያ ከፈትን። ሌላ ምንም አልነካንም። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጋግረው ጨርሰው ነበር።

«ቱቦው ከክዳኑ ብቅ ካለ ይበቃል» የሚሉም አሉ። አይበቃም። ክዳኑን ከበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በሦስት ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም ነገር ደግሞ በ60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። ከዚያ ካነሰ ነፋሱ ክዳኑንና ግንቡን መትቶ ጭሱን ወደ ታች ይደፍቀዋል። እዚህ ላይ የከተማችንን ከፍታ አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱቦው የሚስብበት አቅም ይቀንሳል። ቆላ ላይ የበቃ ቁመት እዚህ ላይበቃ ይችላል።

በርና መስኮት ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ «ለምን አይስብም?» ማለትም ያው ስህተት ነው። የሚገባ አየር ከሌለ የሚወጣ ጭስ የለም። ማድ ቤቱ ውስጥ ጭስ መምጠጫ ፋን ካለማ ይብሳል፤ ፋኑ አየር ሲያጣ ከራሱ ከቱቦው ጭሱን ወደ ቤት ይጎትተዋል።

«ቱቦው ጠበብ ሲል ጭሱ ይፈጥናል።» አይፈጥንም፣ ይታፈናል። የምድጃው መውጫ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ቱቦውም እስከ ጫፉ 15 ይሁን።

«ፒቪሲም ይሠራል፣ ርካሽ ነው።» በፍጹም! በትንሽ ሙቀት ይለሰልሳል፣ ሲቃጠል የሚያወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

«ዝናብ እንዳይገባ ኮፍያው ዝቅ ይበል።» ጭሱ መውጫ ያጣል። የቱቦውን ስፋት ግማሽ ያህል ክፍተት ተዉለት።

ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ሳይቀር የሚያከራክረኝ ደግሞ መጋጠሚያው ነው። ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ያለውን ቱቦ ሲቀጥሉ የላይኛው የታችኛውን እንዲለብሰው ያደርጋሉ፣ «አለዚያ ጭስ ያፈተልካል» ብለው። የተገላቢጦሽ ነው። የላይኛው ቱቦ ጠባብ ጫፍ የታችኛው ውስጥ መግባት አለበት። በደንብ በሚስብ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከክፍሉ ያነሰ ስለሆነ፣ ክፍተት ቢኖር እንኳ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ጭስ አይወጣም። የሚያፈሰው ሌላ ነገር ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ስታነዱ ጭሱ ቱቦው ላይ ቀዝቅዞ ዝፍት የመሰለ ጥቁር ፈሳሽ ይሆናል፣ ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል። መጋጠሚያው ትክክል ከሆነ ተመልሶ ምድጃው ውስጥ ይቃጠላል። ከተገለበጠ በየመጋጠሚያው ይወጣል። አንድ ደንበኛዬ አዲስ የተቀባ ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ጥቁር መስመር ወርዶበት ጠርቶኛል፣ ቀለሙ ሁለቴ ተቀብቶም አልሸፈነውም። ይኸው ፈሳሽ ሲደርቅና ሲጠራቀም ራሱ ይነዳል። ስለዚህ እንጨቱን አድርቁ፣ ጥቀርሻውን ጥረጉ፣ በየመጋጠሚያው ሦስት ብሎን እሰሩ።

«ቱቦው ኮርኒሱን ቢነካም ለዓመታት ምንም አልሆነም» አትበሉኝ፤ ልትፈሩ የሚገባችሁም ለዚያው ነው። በሙቀት አጠገብ የቆየ የኮርኒስ እንጨት (ሞራሌ) እየደረቀ፣ እየጠቆረ ይሄዳል፣ በቆየ ቁጥር በትንሽ ሙቀት መቀጣጠል ይችላል። ነጠላ የላሜራ ቱቦ ከእንጨት 45 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ኮርኒሱን ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡና ክፍቱን በላሜራ ሸፍኑት። ሲሊኮን አትለጥፉበት።

«ጭስ ካልታየ ችግር የለም» የሚለው ደግሞ ሰው ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። እሳቱ ወደ ፍም ሲቀየር ጭሱ ይጠፋል፣ ይሄ ጋዝ ግን ይቀጥላል። በተለይ ማታ ፍሙን ትታችሁ ቱቦውን በጨርቅ አትድፈኑ።

አዲስ ቦታ ላይ ስትገጥሙ እንጨት ከመሙላታችሁ በፊት አንድ የጋዜጣ ወረቀት ጨምድዳችሁ ቱቦው አፍ ሥር አንድዱ። ቱቦው ይሞቃል፣ ነበልባሉም መልሱን ያሳያችኋል። ወደ ቱቦው ከተሳበ ምጣዱን ጣዱ። ወደ ፊታችሁ ካዘመመ ሊጡን አታቡኩ፣ መጀመሪያ ቱቦውን አስተካክሉ።