ፖለቲካዊ ካሪካቸር ምንድን ነው?

የአንድ ባለሥልጣን አፍንጫ ተረዝሞ በተሣለ ቁጥር ሥዕሉ «ፖለቲካዊ ካሪካቸር» ይባላል። ብዙ ጊዜ በዝምታ አልፌዋለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ አስተያየት ሰጪ «የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳውያን ሠዓሊዎች የታሰሩት ንጉሡን አስቀያሚ አድርገው ስለ ሣሉ ነው» ብለው ጻፉ። ይህ ዝም የሚያሰኝ አይደለም፤ ፖለቲካዊ ካሪካቸር ባለሥልጣንን በሥዕል መክሰስ እንጂ ፊቱን አስቀያሚ ማድረግ አይደለም።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኦኖሬ ዶሚየር በ1832 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የስድስት ወር እስራት የተፈረደበት «ጋርጋንቱዋ» (በፈረንሳይ ልብ ወለድ የታወቀ ሆዳም ግዙፍ ሰው ስም) በተሰኘው ሥዕሉ ነው። ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ግዙፍ ሆኖ ተቀምጧል። ከመሬት እስከ አፉ ሳንቃ ተዘርግቷል፤ በሳንቃው ላይ ትንንሽ ሰዎች ከድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ በቅርጫት ተሸክመው ይወጣሉ። ከወንበሩ ሥር ደግሞ የሹመትና የሽልማት ወረቀት ይወርዳል። የንጉሡን ፊት በመልከ መልካም ፊት ብትተኩት እንኳ ክሱ ቅንጣት አይጎድልም። ነገሩ ያለው ሳንቃው ላይ ነው፦ ግብሩ የት ይገባል? ምን ሆኖስ ይወጣል?

የዶሚየር ሥዕሎች አሳታሚ ሻርል ፊሊፖን ንጉሡን በሚመስል ሥዕል ተከሶ በኖቬምበር 1831 ችሎት ፊት ቀርቦ የንጉሡን ፊት በአራት ደረጃ እየለወጠ ፒር የተባለውን ፍሬ አድርጎ አሳየ። ጥፋቱ መመሳሰል ከሆነ ፍሬውንም ልትከሱት ነው ማለቱ ነበር። እንደ ሰምና ወርቅ እዩት። ሰሙ ፍሬው፣ ወርቁ ንጉሡ ነው፤ ዳኛው በወርቁ ለመፍረድ ሰሙን በገዛ እጁ ማቅለጥ፣ ማለትም «ይህ ፍሬ ንጉሣችንን ይመስላል» ብሎ ማመን ይኖርበታል። ፊሊፖን ያም ሆኖ ተፈረደበት። ቅኔ ግን ፈቺ ይሻል፤ ፍሬውን የፓሪስ ልጆች ሳይቀሩ በየግድግዳው ሣሉት። ሰሙ አንዴ ከቀለጠ ወርቁ በየመንገዱ ፈሰሰ።

«ካሪካቸር ፊትን አስቀያሚ ማድረግ ነው» ለሚሉት ደግሞ የዶሚየርን «ትራንስኖናን መንገድ» የተሰኘ ሥዕል አቀርባለሁ። በኤፕሪል 1834 ወታደሮች በዚያ መንገድ አንድ መኖሪያ ቤት ገብተው ነዋሪዎቹን ገደሉ። በሥዕሉ ላይ የሌሊት ልብስ የለበሰ ሰው ከአልጋው ሥር ወድቋል፤ ከሥሩ የሕፃን አስከሬን አለ። የተጋነነ አፍንጫ የለም፤ ገዳዮቹም አይታዩም። ፖሊስ ግን ያገኛቸውን ቅጂዎች ወረሰ።

ሳልጠየቅ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በዶሚየር ሊቶግራፎች (ድንጋይ ላይ ተሥለው በወረቀት የሚታተሙ ሥዕሎች) ሥር የምታነቡትን ጽሑፍ «ዶሚየር እንዳለው» ብላችሁ አትጥቀሱ፤ አብዛኛውን የጻፉት ፊሊፖንና ሌሎች ናቸው። የእሱ ቃል ሥዕሉ ነው።

ክሱ ያለው በሥዕሉ ውስጥ መሆኑን ከአስተያየት ሰጪው ይልቅ የሉዊ ፊሊፕ ሚኒስትሮች ጠንቅቀው ተረድተውታል። የ1830ው ሕገ መንግሥት ቅድመ ምርመራ (ሳንሱር) ፈጽሞ አይመለስም ብሎ ነበር። የሴፕቴምበር 1835 ሕግ ግን ጽሑፉን ትቶ ሥዕል ሳይታተም ፈቃድ እንዲያገኝ አስገደደ። መከራከሪያቸውም ጽሑፍ ሐሳብ ነው፣ ሥዕል ግን ድርጊት ነው የሚል ነበር። በሥዕል ላይ የተጣለው ይህ ቅድመ ምርመራ አብዮት ሲመጣ እየተነሣ፣ ሥርዓት ሲጸና እየተመለሰ እስከ ጁላይ 1881 የፕሬስ ሕግ ድረስ ቆየ።