ኑዛዜና ቆጠራ፦ በእንግሊዝ አገር የዘር ሐረግ እንዴት ይፈለጋል?

እንግሊዝ አገር የኖረ የቅድመ አያቱን ቤተሰብ የሚፈልግ ሰው ከሁለት ዓይነት መዝገብ አያመልጥም። አንዱ የሕዝብ ቆጠራ ነው፤ ሌላው ኑዛዜ። ቆጠራው በአንዲት ሌሊት እዚያ ቤት ያደረውን ሁሉ ይጽፋል። ኑዛዜው ደግሞ የትም ይደር የት፣ ማን የማን እንደሆነ ይናገራል። ለየብቻ ከተነበቡ ሁለቱም ያሳስታሉ። (እዚህ ያሉት ዓመታትና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዝና ዌልስ ሕዝባቸውን መቁጠር የጀመሩት በ1801 ነው። ከዚያ ወዲህ በየ10 ዓመቱ ሲቆጠር፣ በጦርነት ምክንያት የቀረው የ1941ዱ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ቆጠራዎች ለዘር ፈላጊ እምብዛም አይረቡም። መንግሥት የፈለገው የሕዝቡን ብዛት እንጂ ስሙን አልነበረም። ስም በየቤቱ የተመዘገበው በ1841 ነው፤ እሱም ጉድ አያጣውም። ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜው ወደ ታች እየተጠጋጋ በአምስት በአምስት ተጽፏል፤ የ34 ዓመቱ ሰው 30 ይባላል። ዝምድናም አልተጠየቀም። አንድ ጎልማሳ፣ አንዲት ሴትና ሦስት ልጆች አንድ ቤት ቢገኙ፣ ባልና ሚስት ይሁኑ እህትና ወንድም መዝገቡ ዝም ነው። በ1851 ነገሩ ተሻሻለ። ከአባወራው ጋር ያለው ዝምድና፣ የጋብቻ ሁኔታና የተወለዱበት አጥቢያ ገባ።

ቆጣሪውም ቢሆን ሰው ነው። ቤተሰቡ የሞላውን ቅጽ ወደ ትልቁ መዝገብ የሚገለብጠው እሱ ነበር። መጻፍ ለማይችሉት ደግሞ ራሱ እየጠየቀ ይሞላል፤ ስማቸውንም ጆሮው እንደሰማው ያሰፍራል። በ10 ዓመት ውስጥ ሰባት ዓመት ብቻ ያረጀች ሴት ማግኘት ብርቅ አይደለም። እኔ ብሆን ከዕድሜው ይልቅ የትውልድ ቦታውንና የልጆቹን ስም አምናለሁ።

ከሁሉ የሚጣፍጠው የ1911ዱ ነው። ቤተሰቡ ራሱ የሞላው ቅጽ ስለተቀመጠ የቅድመ አያትን የእጅ ጽሑፍ ማየት ይቻላል። ያገቡ ሴቶች ስንት ዓመት በትዳር እንደቆዩ፣ ስንት ልጅ እንደወለዱ፣ ስንቱ እንደሞተባቸው ተጠይቀዋል። በሁለት ቆጠራ መካከል ተወልዶ የሞተ ሕፃን በሌሎቹ መዝገቦች ዱካው የለም፤ እዚህ ግን ቢያንስ ቁጥሩ አለ። በዚያው ዓመት የመምረጥ መብት የሚጠይቁ ሴቶች አንቆጠርም ብለው አደሙ። ከእነሱ አንዷ፣ ኤሚሊ ዋይልዲንግ ዴቪሰን፣ ፓርላማው ሕንጻ ውስጥ አንዲት የዕቃ ማስቀመጫ ቁም ሳጥን ገብታ ተደበቀች። ተያዘችና የሕንጻው ኃላፊ መዘገባት። አከራይዋም እኔ ቤት ናት ብላ ሞላች። ላለመቆጠር የተደበቀችው ሴት ሁለቴ ተቆጠረች!

ወደ ኑዛዜው እንምጣ። እስከ ጥር 1858 ድረስ ኑዛዜ የሚጸድቀው በቤተ ክህነት ፍርድ ቤት ነበር። ትልቁ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት ነው። ከ1384 ጀምሮ ያለው መዝገቡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኑዛዜ ይዞ ለንደን ውስጥ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። የሰሜኑ ክፍል ፍርድ ቤት ደግሞ የዮርኩ ነው። ከ1858 ወዲህ ሥራው ወደ መንግሥት ዞረ፤ በየዓመቱም የሟቹን ስም፣ አድራሻ፣ የሞተበትን ቀንና የንብረቱን ግምት የያዘ ማውጫ በፊደል ተራ ይታተም ጀመር።

ድሃው አብዛኛውን ጊዜ አይናዘዝም። ባለትዳር ሴትም የራሷን ንብረት እንድትይዝ የፈቀደው የ1882ቱ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ያለ ባሏ ፈቃድ መናዘዝ አትችልም ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወርቁ ያለው መበለቶችና ያላገቡ አክስቶች ጋ ነው። ልጅ የሌላት አክስት የእህት የወንድሞቿን ልጆች አንድ በአንድ ትዘረዝራለች፤ ያገቡትንም ከነባላቸው ስም። ይሄ ለእኛ ላይገባን ይችላል፤ የእኛ አገር ሴት ብታገባም የአባቷን ስም እንደያዘች ነው። እንግሊዛዊቷ ግን ስትዳር የቤተሰብ ስሟ ይቀየርና ከቆጠራው ትሰወራለች። የምትገኘው አባቷ ወይም አክስቷ ሲናዘዙላት ነው።

የሼክስፒርን የ1616 ኑዛዜ ብናይ ሁሉም ነገር አለበት። ለእህቱ ለጆአን 20 ፓውንድና ልብሱን በሙሉ ይተዋል። የምትኖርበትንም ቤት ዕድሜ ልኳን በዓመት 12 ፔንስ ኪራይ ይሰጣታል። ለሦስቱ ወንዶች ልጆቿ አምስት አምስት ፓውንድ ያዛል። ዊልያምና ማይክል በስም ተጠርተዋል፤ የመሐለኛው የቶማስ ስም ቦታ ግን ባዶ ነው። አጎትዬው ረስቶታል መሰለኝ! የልጅ ልጁን ኤልሳቤጥን ደግሞ የእህት ወይም የወንድም ልጅ በሚባልበት ቃል ነው የሚጠራት። በዚያ ዘመን ቃሉ ለልጅ ልጅም ይውል ነበር። ይህን የማያውቅ አንባቢ አንድ ትውልድ ያጣል። በ1596 የሞተው ልጁ ሃምኔት ጨርሶ አልተነሣም፤ ኑዛዜ የሚያወራው ስለ ቋሚ ነው።

በእኛም አገር በጎንደር ዘመን ኑዛዜና የመሬት ሽያጭ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ርስት ለመጠየቅ ግን ዋናው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ትውልድ ቆጥሮ መውረድ ነው፤ መዝገቡ የሽማግሌዎች አፍ ነበር።

ሁለቱ ወረቀቶች የሚገጣጠሙት እንዲህ ነው። ባልየው በ1871 ቆጠራ አለ፤ በ1881 ሚስቱ መበለት ተብላለች። ስለዚህ የኑዛዜው ማውጫ የሚገለጠው ለእነዚያ 10 ዓመታት ብቻ ነው። ኑዛዜው ከተገኘ ከቤት የወጡት ልጆች ስም ይወጣል፤ በዚያ ስም ተመልሶ ቆጠራው ይፈተሻል።

ወደ ቅርቡ ዘመን ሲመጣ መንገዱ ይቆረጣል። የቆጠራ መዝገብ ለ100 ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፤ የ1921ዱ የተከፈተው በጥር 2022 ነው። የእንግሊዝና የዌልስ የ1931 መዝገብ በ1942 በእሳት ወድሟል። ክፍተቱን የሚሸፍነው ጦርነቱ እንደተጀመረ ለመታወቂያ ተብሎ መስከረም 29 ቀን 1939 የተሰበሰበው ምዝገባ ነው፤ እሱም ቢሆን ዛሬ በሕይወት ሊኖሩ የሚችሉ ሰዎችን ስም ይደብቃል። የ1951ዱን ለማየት እስከ 2052 መጠበቅ ግድ ነው።