“ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት” እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ባሕር ዳር ላይ አስጎብኚ ነኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ። የሚያታክተኝ አንድ ነገር ነው፦ እንግዳው ከየትም ይምጣ፣ ቅርስ ፊት ሲቆም የሚደግመው ስህተት አንድ ዓይነት ነው። ሰምቶ ማለፍ ይቻላል። ግን ብዙ ሰው ስለ አገሩ የሚያስበው እነዚህን አባባሎች ይዞ ነው። የጎንደርን ግንብ ማን እንደሠራው የተሳሳተ ነገር የሰማ ልጅ፣ ስለ ራሱ አቅምም የተሳሳተ ነገር ይዞ ያድጋል። ስለዚህ አላልፍም። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

“አርኪዮሎጂ ወርቅ ፍለጋ ነው።”

አይደለም። ዘጌ ላይ የማውቀው አንድ ገበሬ ጉድጓድ ሲቆፍር ሙሉ እንስራ አገኘ። ወርቅ አይጠፋውም ብሎ ሰበረው። ውስጡ አፈር ነበር። ያ አፈር ለባለሙያ ብዙ ነገር ይናገር ነበር፤ አሁን አይናገርም።

“ድንቅነሽ የመጀመሪያዋ ሰው ናት።”

ድንቅነሽ በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ናት። አርዲ የምትባለው ሌላዋ ቅሪት 4.4 ሚሊዮን ዓመት ስላላት በዕድሜ ትበልጣታለች። እንደ እኛ ያለ ሰው ቅሪት ከፈለጋችሁ በደቡብ ወዳለው ኦሞ ኪቢሽ ሂዱ፤ ዕድሜው ከ200 ሺህ ዓመት በላይ ነው።

“ዘጌ ያለው ገዳም፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ያሉት ሥዕሎች የ14ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው።”

የ14ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙ ነው። አሁን የምናያቸው ሥዕሎች በአብዛኛው የ18ኛውና የ19ኛው ናቸው።

“ጣና ድሮም እንዲሁ ነበር።”

ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ደለል ቆፍረው አውጥተው አረጋግጠዋል።

“ጥንታዊ ነገር አክሱም ነው፤ እዚህ ያለው የቅርብ ጊዜ ነው።”

ይህኛው ትንሽ ያበሳጨኛል። ከሐይቁ በስተሰሜን ጎርጎራ ላይ በ1940ዎቹ የተጠና የዋሻ መጠለያ አለ፤ የድንጋይ ዘመን መሣሪያዎች ተገኝተውበታል። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ደግሞ ላሊበላ የሚባል ዋሻ አለ። ቅዱስ ላሊበላ ከተማ ያለው አይደለም፤ ስሙ ብቻ ነው የተመሳሰለው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጆአን ዶምብሮውስኪ የምትባል ተመራማሪ እዚያ ቆፍራ ገብስና ሽምብራ አገኘች፤ ዕድሜው ከ2,000 ዓመት በላይ ነው። እንግዶች ይህን ስነግራቸው “ሽምብራ?” ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሐውልት ይፈልጋሉ። እኔ ግን በዚያ ሽምብራ እኮራለሁ። ዛሬ በጾም ሽሮ የምንበላ ሰዎች፣ እዚሁ አካባቢ ያን ያህል ዘመን የተዘራ እህል ካልኮራንበት በምን እንኮራለን? የነገሥታት ግንብ የጥቂቶች ነው። እህሉ የሁላችንም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

“ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት።”

ጢስ ዓባይ ስንሄድ ፏፏቴው ጋ ከመድረሳችን በፊት የምንሻገረው የድንጋይ ድልድይ አለ። የአላታ ድልድይ ነው። ሰው ሁሉ ግን “የፖርቹጋል ድልድይ” ይለዋል፤ ብዙ አስጎብኚዎችም ጭምር። አንድ ቀን አንድ መምህር ተማሪዎቹን እዚያ ላይ አሰልፎ “አያችሁ፣ ፈረንጅ ባይመጣ ወንዝ መሻገር እንኳ አንችልም ነበር” ሲላቸው ሰማሁ። ደሜ ፈላ። አንዷ ልጅ ቃል በቃል ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ቅደም ተከተሉን እንይ። በክሪስቶፎር ዳ ጋማ የተመሩት የፖርቹጋል ወታደሮች ምጽዋ የደረሱት በ1541 ነው። 400 ያህል ነበሩ። የመጡት ግራኝ አሕመድን ለመዋጋት እንጂ ለግንባታ አይደለም። ከሞት የተረፉት እዚሁ አግብተው ወልደው ቀሩ። ጀስዊት የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ከ1557 ጀምሮ መጡ። ስመ ጥሩው ፔድሮ ፓኤዝ የገባው በ1603 ነው፤ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። ሰው ሁሉ ፖርቹጋላዊ የሚለው ፓኤዝ ደግሞ ስፔናዊ ነው።

አፄ ፋሲል በ1632፣ ካቶሊክነትን ተቀብለው በነበሩት በአባታቸው በአፄ ሱስንዮስ ቦታ ነገሡ። የኦርቶዶክስ ሃይማኖት ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሚሲዮናውያኑም ብዙ ሳይቆይ ተባረሩ። ጎንደር የተቆረቆረችው በ1636 ነው። እንግዲህ የፋሲል ግንብ ሲሠራ “ሠሩት” የሚባሉት ሰዎች ከአገር ወጥተዋል። በ1648 ከየመን የመጣው መልእክተኛ አል ሃይሚ ቤተ መንግሥቱን አይቶ፣ ዋናው ግንበኛ ሕንዳዊ ነው ብሎ ጽፏል። ድንጋዩን የሚያያይዘውን ኖራም ብትጠይቁ፣ በ1621 ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ የለየው ከሕንድ የመጣ ሰው እንደሆነ የጻፉት ሚሲዮናውያኑ ራሳቸው ናቸው። ድልድዩስ? የተሠራው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ድንጋዩ የዚሁ አገር ነው። የጠረበውና የተሸከመው የእኛ ሰው ነው።

ይህን ሲሰማ ወደ ሌላው ጫፍ የሚሮጥ ሰው አለ። “እንግዲያው የውጭ እጅ የለበትም!” ይላል። እሱም ልክ አይደለም። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው አዘዞ፣ ደንቀዝና ጎርጎራ ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። ጎርጎራ አጠገብ ያለው የማርያም ግንብ ፍርስራሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ድንጋዩ ላይ የተቀረጹት አበቦች ፖርቹጋሎች ሕንድ ውስጥ ከሠሯቸው ጋር ይመሳሰላሉ። ይህን የሚክድ ሰው ራሱን ግንቡን አላየውም።

እኔን የሚያኮራኝ የነገሥታቱ ምርጫ ነው። የካቶሊኩን ሃይማኖት እንቢ አሉ፤ ኖራውንና ግንበኛውን ግን ያዙ። የሚፈልገውንና የማይፈልገውን ለይቶ የሚያውቅ አገር ነበር። ለዚያች ልጅ ደብተር የሚገባው ይህ ነበር።

“አርኪዮሎጂ ማን ቀድሞ እንደሰፈረ ይፈርድልናል።”

ይህ ከሁሉም አደገኛው ነው፤ ጀልባ ላይ ጠብ ሲያስነሳ አይቻለሁ። ከአፈር የወጣ ገል፣ ማለትም የሸክላ ስባሪ፣ ሰው ምን እንደበላና በምን እንዳበሰለ ይናገራል። የየትኛው ብሔር እንደሆነ አይናገርም። መንግሥታትም ቢሆኑ ከቁፋሮው የሚመቻቸውን ይመርጣሉ። የ1955ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሡን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ይመዝ ነበር፤ አክሱምም በዚያ መነጽር ታየ። ዛሬ ደግሞ ለቱሪስት “ምድረ ቀደምት” ነን እንላለን። አክሱም ያለው ዱንጉር የሚባል ፍርስራሽ እስካሁን “የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት” ይባላል። ቁፋሮው ያሳየው ግን ከክርስቶስ ልደት በኋላ 6ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የተሠራ መሆኑን ነው። ትውፊቱን አክብሩ። ድንጋዩን ግን ያላለውን አታስብሉት።

ከተነሣ አይቀር፣ ሐይቁ ዳር ለምትኖሩ ጥቂት ምክር ልጨምር። ለቤት መሠረት ወይም ለመጸዳጃ ስትቆፍሩ ገል፣ የተጠረበ ድንጋይ ወይም አጥንት ከወጣ ቁፋሮውን አቁሙ። ዕቃውን ከቦታው አታንሱት፤ ግማሹ መረጃ ያለው ቦታው ላይ ነው። አትጠቡት። አጠገቡ እስክርቢቶ አስቀምጣችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ መጠኑ እንዲታወቅ። ሊገዛችሁ የሚመጣ ደላላ ካለ እንቢ በሉ፤ ሕጉም ይከለክላል። ገዳም ስትገቡ ፍላሽ አጥፉ፣ ሥዕሉ ላይ አትደገፉ። ያገኛችሁትን ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቅጂውንም ያዙ። መልስ ካጣችሁ ወደ ዞን ሂዱ፣ ከዞን ወደ ክልል።