የሰርቨር ፕሮሰሰር የአቅምና የዋጋ ምጥጥን ምንድን ነው?

የአቅምና የዋጋ ምጥጥን የሚባለው አንድ የሰርቨር ፕሮሰሰር (ለብዙ ተጠቃሚዎች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር ዋና የስሌት ክፍል) በተወሰነ ጊዜ የሚያከናውነው የሥራ መጠን፣ ያንን ሥራ ለማሠራት ለሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። ስሌቱ ማካፈል ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ብዙ ንጽጽሮች የሚሳሳቱት ግን ከማካፈሉ በፊት ነው፤ ተካፋዩ የየትኛው ሥራ መጠን እንደሆነ፣ አካፋዩም የትኞቹን ወጪዎች እንደሚጨምር ሳይወሰን ቁጥር ከቁጥር ጋር ይካፈላል።

ነገሩን ለማየት የሚያመቹ ሁለት ፕሮሰሰሮች አሉ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡ ናቸው። ኢንቴል በኤፕሪል ወር ያቀረበው ዚዮን ፕላቲነም 8280 ባለ 28 ኮር (ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ ሥራ የሚያከናውን ክፍል ነው) ሲሆን፣ መነሻ ፍጥነቱ 2.7 ጊጋኸርዝ፣ ከፍተኛው 4.0 ጊጋኸርዝ፣ የኃይል ደረጃው 205 ዋት ነው። ኤኤምዲ በኦገስት ያወጣው ኤፒክ 7742 ደግሞ 64 ኮር ይዞ በ2.25 ጊጋኸርዝ ይነሣና እስከ 3.4 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፤ የኃይል ደረጃው 225 ዋት ነው። ኩባንያዎቹ በሺህ ፍሬ ለሚገዙ ደንበኞች ይፋ ያደረጉት ዋጋ ለመጀመሪያው 10,009 ዶላር፣ ለሁለተኛው 6,950 ዶላር ነበር። ዋጋውን ለኮሮቹ ብዛት ብናካፍል የዚዮኑ አንድ ኮር ወደ 357 ዶላር፣ የኤፒኩ አንድ ኮር ግን ወደ 109 ዶላር ይወጣል። በዚህ መለኪያ ብቻ ከተፈረደ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ያለቀ ይመስላል።

ይሁን እንጂ የካታሎግ ዋጋ ስለ ፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ብቃት የሚናገረው ጥቂት ነው። ኢንቴል በፌብሩዋሪ 2020 ዚዮን ጎልድ 6258አር የተባለውን ፕሮሰሰር ሲያወጣ የኮሩ ብዛት፣ መነሻና ከፍተኛ ፍጥነቱ፣ የኃይል ደረጃውም ከ8280 ጋር አንድ ነበር፤ ዋጋው ግን 3,950 ዶላር ሆነ። ዋናው ልዩነት 8280 እስከ ስምንት ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) ባለው ማሽን ውስጥ መሥራት ሲችል አዲሱ በሁለት ሶኬት መወሰኑ ነው። አብዛኛው ሰርቨር ከሁለት ሶኬት ስለማያልፍ፣ ገዢው ቀድሞ ይከፍል የነበረው ከፍተኛ ልዩነት ለማይጠቀምበት ችሎታ ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሁለት ፕሮሰሰሮችን የሚያነጻጽር ሰው በቅድሚያ ከየኩባንያው ዝርዝር ውስጥ ለራሱ ማሽን የሚስማማውን ትክክለኛ ሞዴል መምረጥ አለበት፤ አለበለዚያ የሚያነጻጽረው የሽያጭ ስልትን ከሽያጭ ስልት ጋር ይሆናል።

ወደ አቅሙ ስንመጣ፣ በስፋት የሚጠቀሰው ስፔክ ሲፒዩ 2017 የተባለው የመለኪያ ፈተና ራሱ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይለያል። አንደኛው ማሽኑ ብዙ ሥራዎችን ጎን ለጎን እያስኬደ በአንድ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል እንደሚጨርስ ሲለካ፣ ሌላኛው አንድ ሥራ ተጀምሮ እስኪያልቅ የሚወስደውን ጊዜ ይለካል። ፕሮግራም ለሚያጠናቅር፣ ቪዲዮ ለሚቀይር ወይም በርካታ ቨርቹዋል ማሽኖችን (በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮችን) በአንድ ሰርቨር ለሚያስተናግድ ተቋም የመጀመሪያው ጥያቄ ይበልጣል፤ በዚያም 64ቱ ኮሮች ጎልተው ይታያሉ። እያንዳንዱ ጥያቄ በአንድ ኮር ላይ ተራውን ጠብቆ ለሚስተናገድበት ሥርዓት ግን የኮር ብዛት ትርጉሙ ይቀንሳል፤ የአንዱ ኮር ፍጥነት ይገዝፋል። በነገራችን ላይ በአንድ የሰዓት ምት (ጊጋኸርዝ የሚቆጥረው ይህንን ምት ነው) የሚከናወነው የትእዛዝ ብዛት ከንድፍ ንድፍ ስለሚለያይ፣ የሁለት ኩባንያዎችን ጊጋኸርዝ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማበላለጥ አያስኬድም።

የሜሞሪው ጉዳይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ኤፒክ 7742 በስምንት ቻናል (ከሜሞሪ ጋር በሚያገናኝ መስመር) በ3200 ፍጥነት በሰከንድ 204.8 ጊጋባይት ማስተላለፍ ሲችል፣ ዚዮን 8280 በስድስት ቻናል በ2933 ፍጥነት 140.8 ጊጋባይት አካባቢ ያስተላልፋል። በጠቅላላው ኤፒኩ ይበልጣል። ለኮሮቹ ሲከፋፈል ግን የኤፒኩ አንድ ኮር 3.2፣ የዚዮኑ አንድ ኮር 5 ጊጋባይት ያህል ስለሚደርሰው ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ከሜሞሪ ብዙ ዳታ እየጎተተ የሚሠራ ሳይንሳዊ ስሌት ሁሉንም 64 ኮሮች ቢይዝም በኮሮቹ ብዛት ልክ የማይፈጥነው በዚህ ምክንያት ነው። ካሹም (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ) እንዲሁ ነው። ኤፒኩ በድምሩ 256 ሜጋባይት የሦስተኛ ደረጃ ካሽ ቢኖረውም፣ ካሹ ለየአራት ኮሮች 16 ሜጋባይት ሆኖ የተከፋፈለ ነው፤ የዚዮኑ 38.5 ሜጋባይት ግን 28ቱም ኮሮች የሚጋሩት ነው። በተጨማሪም ዚዮኑ ኤቪኤክስ-512 የተባሉትን፣ በአንድ ትእዛዝ 512 ቢት ዳታ የሚያሰሉ ሰፋፊ የስሌት ትእዛዞች ሲያስኬድ፣ የዚያ ትውልድ ኤፒክ በ256 ቢት የተወሰነ ነበር።

አካፋዩን በተመለከተ ከሁሉ በላይ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው የሶፍትዌር ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሶፍትዌር የሚሸጠው በኮር ቁጥር ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ከ2016 እትሙ ጀምሮ በኮር ይሸጣል። የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር አቅራቢው ቪኤምዌር በኤፕሪል 2020 አንድ የፕሮሰሰር ላይሰንስ የሚሸፍነው እስከ 32 ኮር ብቻ እንዲሆን ስላደረገ፣ በዚያን ጊዜ ባለ 64 ኮሩ ፕሮሰሰር ሁለት ላይሰንስ ይፈልግ ነበር። ከሁሉ የከፋው በዳታቤዝ ላይ ይታያል። የኦራክል ዳታቤዝ ኢንተርፕራይዝ እትም የካታሎግ ዋጋ ለአንድ ፕሮሰሰር ላይሰንስ 47,500 ዶላር ሲሆን፣ ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የኮሩ ብዛት በ0.5 ተባዝቶ ይታሰባል። በዚህ ሒሳብ 28 ኮር 14 ላይሰንስ፣ ማለትም 665,000 ዶላር ይጠይቃል፤ 64 ኮር ደግሞ 32 ላይሰንስ፣ ማለትም 1,520,000 ዶላር። ድርጅቶች በድርድር ቅናሽ ቢያገኙም እንኳ፣ በፕሮሰሰሮቹ መካከል ያለው የሦስት ሺህ ዶላር ልዩነት በዚህ ስሌት ውስጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ኤኤምዲ በኤፕሪል 2020 ኤፒክ 7ኤፍ52ን ያወጣውም ይህንን ገበያ ተመልክቶ ነው። ይህ ፕሮሰሰር ያለው 16 ኮር ብቻ ነው፤ መነሻ ፍጥነቱ ግን 3.5 ጊጋኸርዝ፣ ካሹም እንደ ትልቁ ወንድሙ 256 ሜጋባይት ነው። እያንዳንዱ ኮር 16 ሜጋባይት ካሽ ለብቻው ይደርሰዋል ማለት ነው። ዋጋው 3,100 ዶላር ስለነበር አንዱ ኮር ወደ 194 ዶላር ይወጣል፤ በኮር ዋጋ ከ7742 ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው። በኦራክል ስሌት ግን የሚጠይቀው ስምንት ላይሰንስ ወይም 380,000 ዶላር ነው። የዳታቤዙ ሥራ በ16 ፈጣን ኮሮች የሚበቃ ከሆነ፣ በኮር ሲታይ ውድ የተባለው ፕሮሰሰር በጠቅላላ ወጪ ርካሹ ይሆናል። ላይሰንስ የማይከፈልበት ክፍት ሶፍትዌር ለሚያስኬድ ድርጅት ደግሞ ይህ ሒሳብ በሙሉ ይቀርና ወሳኙ የማሽኑ ዋጋና የኤሌክትሪክ ወጪ ይሆናል።

የኤሌክትሪኩ ወጪ ብዙውን ጊዜ ከሚገመተው ያነሰ ልዩነት ያመጣል። ዓመቱን ሙሉ በ225 ዋት የሚሠራ ፕሮሰሰር 1,971 ኪሎዋት ሰዓት ሲፈጅ በ205 ዋት የሚሠራው 1,796 ያህል ይፈጃል፤ ማቀዝቀዣው ሲጨመርም ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ትልቁ ቁጠባ የሚመጣው አንድ ባለ ብዙ ኮር ሰርቨር ሁለት ሰርቨሮችን ሲተካ ነው፤ ያኔ የአንድ ማሽን ሙሉ አካል፣ የኃይል አቅርቦት፣ የኔትወርክ መስመርና የመደርደሪያ ቦታ ይቀራል። በአንጻሩ ያ አንድ ሰርቨር ሲበላሽ አብረውት የሚቆሙት አገልግሎቶች ይበዛሉና የመጠባበቂያ ማሽኑ ዋጋ ከሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

ምጥጥኑን በትክክል ለማውጣት ከሚሠራው ሥራ ናሙና ወስዶ በሁለቱም ማሽኖች ላይ ማስኬድ ያስፈልጋል። ተጠቃሚው ሊታገሠው የሚችለው ከፍተኛ የምላሽ ጊዜ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ከዚያ ጫናው ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሄድና ምላሹ ከዚያ ገደብ ሳያልፍ ማሽኑ በሰከንድ የሚያስተናግደው የጥያቄ ብዛት ይመዘገባል። ተካፋዩ ይኸው ቁጥር ነው። አካፋዩ ደግሞ የማሽኑ ዋጋ ለሚያገለግልባቸው ዓመታት ተከፋፍሎ፣ የዓመቱ ላይሰንስ፣ በሙከራው ጊዜ ከኃይል መስመሩ ላይ የተለካው ኤሌክትሪክና የጥገና ውሉ ተደምረውበት የሚገኘው የዓመት ወጪ ነው።