«ኔትወርክ» ለችሎት ጠበቃ ሴቶች ምንድን ነው?

«ኔትወርክ ስላላት ነው።» አንዲት ጠበቃ ከባድ መዝገብ ይዛ ስትቀርብ ይህቺ አባባል አትቀርም። ለዓመታት ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ አስተያየት ሰጪ ነገሩን ገልብጦ አመጣው። ሴት ጠበቆች እየተሰበሰቡ ካርድ መለዋወጡን ትተው ችሎታቸውን ያሳዩ፣ ችሎት ጎበዙን ከሰነፉ ራሱ ይለያል አለ። ይሄኔ ትዕግሥቴ አለቀ።

ለአንዱ ኔትወርክ በጓሮ በር መግባት ነው። ለሌላው የፎቶና የካርድ ሰዓት ነው። እኛ በሥራ ላይ የምናውቀውን ነገር ሁለቱም አልነኩትም። ቃሉም ቢሆን በቋንቋችን ስሙ ጠፍቷል፤ ሲነሳ የጥቅም ትስስር ነው ትዝ የሚለን። ስለዚህ ከሙያችን አንድ ቃል ልዋስ፦ ዋስ የሚለውን።

ዋስ ማለት የሚያውቅሽ ሰው አይደለም። ሰላም የሚልሽ ሁሉ ዋስ አይሆንሽም። ዋስ ባለዕዳው ሲጠፋ ከራሱ ኪስ የሚከፍል ነው። ለችሎት ጠበቃም ሙያዊ ትስስር ማለት ይኸው ነው፤ አንቺ ብትሳሳቺ የራሷን ስም ለማስያዝ የፈቀደች ሌላ ጠበቃ መኖሯ። (ወይም የፈቀደ። ዋስ ወንድም ይሆናል።) ከመካሪም ይለያል። መካሪ መስቀለኛ ጥያቄ፣ ማለትም የተቃራኒ ወገን ምስክር የሚጠየቀው፣ እንዴት እንደሚጠየቅ ይነግርሻል። ዋስ ምስክሩን እንድትጠይቂው ይሰጥሻል።

ወደ አስተያየት ሰጪው ልመለስ። ችሎት ይለያል፣ እውነት ነው። ግን ለመለየት መጀመሪያ መቆም ያስፈልጋል። ማን ይቁም የሚለው ደግሞ ችሎት ውስጥ አይወሰንም። ባለጉዳዩ ቢሮ ገብቶ «ጉዳዬን ማን ይያዝልኝ?» ሲል ይወሰናል። ክርክሩን የሚመራው ዋናው ጠበቃ የትኛውን ምስክር ማን ይጠይቅ ብሎ ሲያከፋፍል ይወሰናል። ሰነዱን ያደራጀችው፣ መቃወሚያውን የጻፈችው፣ ከምስክሮቹ ጋር ስትዘጋጅ ያመሸችው ጠበቃ በማግስቱ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣ ማስታወሻ ትይዛለች። ዳኛው ድምጿን አልሰማም። በምን ይለያት?

የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተመው ጥናት ይህንኑ ቆጥሮታል። በሰሜን ኢሊኖይ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2013 ከተከፈቱ መዝገቦች ናሙና ተወሰደ። በፍትሐ ብሔር ጉዳዮች ዋና ጠበቃ ሆነው ከቀረቡት ውስጥ ሴቶቹ 24 በመቶ ብቻ ነበሩ። የአንድ ፍርድ ቤት ናሙና ነው፤ የዓለም አኃዝ አድርጋችሁ እንዳትጠቅሱት። ማስረጃ ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ማየት አልወድም።

ያኔ እኮ ሴት ጥብቅና እንዳትቆም የነበረው ክልከላ ከተነሳ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1873 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማይራ ብራድዌል የተባለች ሴት በሴትነቷ ጥብቅና ልትከለከል ትችላለች ብሎ ወስኖ ነበር። አንደኛው ዳኛ እንዲያውም የሴት ተፈጥሯዊ ዓይን አፋርነት ለብዙ ሥራ አይመችም ብለው ጻፉ። እንግሊዝ ውስጥ ሕጉ በ1919 በሩን ከፈተ፤ የመጀመሪያዋ ሴት የችሎት ጠበቃ ሆና የተመዘገበችው በ1922 ነው። ሄለና ኖርማንተንና ሮዝ ሃይልብሮን የንጉሥ አማካሪ የሚለውን የከፍተኛ ጠበቆች ማዕረግ ያገኙት ግን በ1949 ነው። በሩ ተከፍቶም ወንበሩ ሩቅ ነበር።

ሴቶቹ መገናኘት የጀመሩትም የዛሬን የስብሰባ አዳራሽ ጠብቀው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1886 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሕግ ተማሪዎችና ምሩቃን «ኢኩዊቲ ክለብ» የሚባል ማኅበር መሠረቱ። የተራራቁ ስለነበሩ ስብሰባቸው በደብዳቤ ነበር፤ አባሏ በዓመት አንድ ትጽፋለች፣ ደብዳቤው ለሌሎቹ ይዞራል። ምን ይጻጻፉ ነበር? ቢሮ መሥራት ይሻላል ወይስ ችሎት መቆም? ችሎት ስንገባ ባርኔጣችንን እናውልቅ ወይስ አናውልቅ? የባርኔጣው ጉዳይ ዛሬ ያስቃል። ያኔ ግን ክብርት ሴት በአደባባይ ባርኔጣ ታደርጋለች፣ ጠበቃ ደግሞ ችሎት ፊት ታወልቃለች። ሁለቱንም የሆነችው ምን ታድርግ? ይህንን የሚጠየቅ ሰው በከተማዋ አልነበረም። ካርድ መለዋወጥ የምትሉት ይህ ነው?

እኔ የዋስን ትርጉም የተማርኩት ረዳት ጠበቃ ሳለሁ ነው። ዋና ጠበቃዬ የተቃራኒ ወገንን የሒሳብ ባለሙያ ምስክር እኔ እንድጠይቅ ወሰነች። ባለጉዳያችን ፊቱን አጠቆረ። «ልጅቷ ናት የምትጠይቀው?» አላት፣ እኔ እዚያው ቆሜ። «ሰነዱን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ከተበላሸ የሚወቅሱት እኔን ነው» አለችው።

ተበላሸ። ሁሉም አይደለም፤ ግን አንድ ጥያቄ አበዛሁ። «ለምን?» ብዬ ጠየቅሁ። በመስቀለኛ ጥያቄ «ለምን» ያለ ሰው ምን እንደሚገጥመው የሙያው ሰዎች ታውቃላችሁ፤ ምስክሩ እንደልቡ እንዲያስረዳ በር ይከፍትለታል። ምስክሩ ተመቻችቶ ሲያስረዳ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ቆምኩ። ከችሎት ስንወጣ ባለጉዳዩ ወደ እሷ ሄደ። ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ ረጅም ነበር። ስትመለስ «የነገውን ምስክርም አንቺ ነሽ» ብላኝ መንገዷን ቀጠለች።

ዋስ ዕዳውን ሲከፍል ያየሁት ያን ቀን ነው። ዕዳው ከተከፈለ በኋላ ደግሞ ዋሱ ወደ ባለዕዳው ተመልሶ ይጠይቃል፤ ሕጉም ይፈቅድለታል። እሷም ጠየቀችኝ። ሌሊቱን በሙሉ ጥያቄዎቼን አንድ በአንድ አስነበበችኝ፤ «ለምን» የሚል ባገኘች ቁጥር ሰረዘች።

ምሳሌውን ትንሽ ልጎትተው። ዋስትና ገደብ አለው። ብልህ ዋስ እስከ ስንት እንደሚጠየቅ ያስጽፋል። ጥሩ ዋና ጠበቃም መጀመሪያ የምታሰሚው አጭር አቤቱታ ትሰጥሻለች፤ ከዚያ አንድ ምስክር፣ ከዚያ የመክፈቻ ንግግር፣ ከዚያ መዝገቡን። ደግሞ ማንም አይቶት ለማያውቀው ሰው ዋስ አይጠራም። ስለዚህ መገናኘቱን አልንቅም። ግን ሥራ የሚታይበት መገናኘት ይሁን። የልምምድ ችሎት ይዘጋጅ፣ የጥያቄ ረቂቅ ይነበብ፣ አንዷ ስትከራከር ሌላዋ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ትስማ።

የሶሲዮሎጂ ሰዎች እዚህ ጋ ይቃወሙኝ ይሆናል። ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 የላላ ትውውቅ ከጥብቅ ወዳጅነት ይልቅ አዲስ ወሬ ያመጣል ብሏል። ልክ ነው፤ ወሬ ያመጣል። የሆነ ቦታ ጠበቃ እየተፈለገ እንደሆነ የምትሰሚው በሩቅ ከምታውቂው ሰው ነው። ሁለቱ ግን አይምታቱ። ወሬ መስማት አንድ ነገር ነው፤ ሊታሰር የሚችል ተከሳሽ ላንቺ አደራ መሰጠቱ ሌላ ነው።

መሪነት የሚባለውም እንዲሁ ተምታቷል። የማኅበር ሊቀመንበር መሆን ጥሩ ነው፤ እኔም ሆኜ አውቃለሁ፤ አብዛኛው ሥራ የወንበር ቁጥር ማስተካከል ነው። የችሎት መሪነት ግን የክርክሩን መስመር መቁረጥ ነው። የትኛው ምስክር ይቅደም? እንታረቅ ወይስ እንቀጥል? ተጠርጣሪው ይናገር ወይስ ዝም ይበል? ይህን የሚወስነው ዋና ጠበቃ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጪ ዋስ የመሆን ሥልጣን አብሮ ይመጣል።

ማስጠንቀቂያ ካልጨመርኩ ጠበቃ አይደለሁም። አንደኛ፣ በወዳጆች መካከል ስለ ያዝሽው መዝገብ አታውሪ። ስም ባትጠሪም ዝርዝሩ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ጉዳይ ሲመራልሽ ከማመስገንሽ በፊት የጥቅም ግጭት መኖር አለመኖሩን አጣሪ። ሦስተኛ፣ ባለጉዳይ ለላከ ጠበቃ ክፍያ ማካፈል እንዳገሩ ሕግ ይለያያል፤ የሚከለክል አለ፣ በቅድመ ሁኔታ የሚፈቅድም አለ። የሙያ ሥነ ምግባር ደንባችሁን አንብቡ። አራተኛ፣ ከዳኛ ጋር ያለ ወዳጅነት ዋስ አይደለም፣ አደጋ ነው። ዳኛዋ የጥንት ጓደኛሽ ከሆነች ለተቃራኒ ወገን ይገለጽ፤ ከመዝገቡ መነሳት ካለባትም ትነሳ። «ኔትወርክ ስላላት ነው» የሚሉት ሰዎች የሚያስቡት ይህንን ከሆነ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ደግሞ ዋስትና ለዘላለም አይደለም። ከዓመታት በኋላ ያቺው ዋና ጠበቃ ከተቃራኒ ወገን ቆማ ተገናኘን። በኮሪደሩ ተቃቅፈን ሰላም ተባባልን። መስቀለኛ ጥያቄዬ ሦስተኛው ላይ ስደርስ መቃወሚያ አቀረበች። ተቀባይነት አገኘ።